ኢንተርኔቱ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ

"ሳምንት በክፍል ሁለት እንገናኛለን" ብዬ ነበር የተለየኋችሁ። ያ ሳምንት አምስት ዓመት ከምናምን ሆነ።

ይሄን ዓምድ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ይቅርታ። የማታስታውሱት እንደምትበዙ አውቃለሁ፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ስለዚህ ራሴን እንደገና ላስተዋውቅ። የምኖረው ባሌ ሮቤ ነው። የምጽፈው ስለ ንግድ ነበር፤ ስለ ትልልቁ ሳይሆን ስለ ትንንሹ። ሱቅ እንዴት ይከፈታል፣ ብድር እንዴት ይመለሳል፣ ደንበኛ እንዴት ይያዛል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን።

የመጨረሻው ጽሑፌ ርዕስ "ንግዳችሁን በክፉ ቀን እንዴት ታቆያላችሁ? ክፍል አንድ" የሚል ነበር። ክፍል ሁለት አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ዛሬ እነግራችኋለሁ። የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም። የጀመረውን ነገር አቁሞ፣ መመለስ እየፈለገ መመለሻው የጠፋበት ሰው በመካከላችሁ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ለሰው የምናገረው ምክንያት

ለሰው የምናገረው ምክንያት አለኝ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሳምንታትም ተዘግቶ ቆየ። ያን ሰሞን በእኛ አካባቢ የነበረውን ጭንቀት የኖረበት ያውቀዋል። ሰው ስለ ቤተሰቡ እንጂ ስለ ጋዜጣ ዓምድ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም። ብጽፍም መላኪያ አልነበረኝም። "ለምን ቀረህ?" ያለኝም የለም።

ሐምሌ ላይ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። እኔ ግን አልተመለስኩም። ከዚያም በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ ዓመት ሙሉ "ኢንተርኔት ተቋርጦብኝ ነው እኮ" እል ነበር። ይሄን መልስ የምልከው በቴሌግራም ነበር።

እውነተኛው ምክንያት ሱቄ ነው።

ሮቤ ውስጥ፣ ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። ሁለት የኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር። ሃንድአውት እናባዛለን፣ አሳይመንት እንጽፋለን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንጠርዛለን። በፈተና ሰሞን ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር ትምህርት ተዘጋ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤተሰባቸው ተሸኙ። በአጭር ቀን ውስጥ ደንበኛዬ በሙሉ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ።

በሙሉ ስል በሙሉ ነው። ከተማሪ ሌላ ደንበኛ አልነበረኝም። የከተማው ሰው መታወቂያውን ኮፒ ለማድረግ እኔ ጋ እንደሚመጣ አስቤውም፣ ፈልጌውም አላውቅም።

ሚያዝያንና ግንቦትን ኪራይ ከኪሴ ከፈልኩ። ሰኔ ላይ ማሽኖቹን ሸጥኩ። ክፍል አንድን የጻፍኩት ማሽኑን ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ከፊቴ ቆሞ "ከዚህ በላይ አልጨምርም" እያለኝ ነው። ርዕሱን አስታውሱልኝ፦ ንግዳችሁን በክፉ ቀን እንዴት ታቆያላችሁ።

ክፍል ሁለትን ልጽፍ ስቀመጥ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የራሱን ሱቅ ያላቆየ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል?

ጎባ ያለችው ልጅ

ይሄ ብቻ ቢሆን እፍረት ነው፤ እፍረት ደግሞ ያልፋል። ከዚህ የከበደ ነገር ነበረብኝ።

ጥር 2012 ላይ "አንድ ነገር ላይ አተኩሩ" የሚል ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። "አምስት ነገር የሚሸጥ ሰው አንዱንም በደንብ አይሸጥም" ብዬ ጽፌያለሁ። አባባሉ ያምራል፤ ብዙ ሰው ሼር አድርጎታል። ከየት አመጣሁት ብትሉ ከአንድ የውጭ ቪዲዮ ነው። ሰውዬው የሚያወራው ሚሊዮን ሕዝብ ስላለበት ከተማ ነበር። ሮቤና ጎባ ላይ ይሠራል ወይ ብዬ አንድም ነጋዴ አልጠየቅኩም።

በዚያው ሰሞን ከጎባ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ያኔ ስልኬ ከጽሑፉ ግርጌ ይወጣ ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን ሽሮ ትሸጣለች፤ ከሐረና ጫካ የሚመጣ ማርም አላት። "የትኛው ላይ ላተኩር?" አለችኝ።

"ትርፉ የቱ ላይ ነው?"

"ኧረ ማሩ ላይ ነው።"

"እንግዲህ መልሱ እጅሽ ላይ አለ" አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ራሴን ትልቅ አማካሪ አድርጌ ነበር።

ባሌን ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። ሐረና ከሰነቴ አምባ በስተደቡብ ቁልቁል የሚወርድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። የጫካ ቡናና የጫካ ማር ያለው እዚያ ነው፤ ንብ አናቢዎቹ ቀፎአቸውን ረጃጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ማሩ ጎባ የሚደርሰው ሪራን አልፎ፣ 4 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ሰነቴን አቋርጦ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ወይም 4,377 ሜትር የሆነውን ቱሉ ዲምቱን ለመውጣት የሚመጣው እንግዳም በዚሁ በጎባ በኩል ያልፋል። ልጅቷ ማር የምትሸጠው ለዚህ እንግዳና ለአውቶቡስ መንገደኛ ነበር።

ምክሬን ሰምታ ባልትናውን ተወችው። የካቲት መጨረሻ የእቁብ ዕጣዋ ሲወጣላት በብሩ በሙሉ ማር ገዛችበት፤ ስምንት ጄሪካን። መጋቢት ላይ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ቱሪስት ቀረ፣ መንገደኛም ቀነሰ። የጎባ ሰው ደግሞ እንኳን ያኔ፣ በደህናውም ቀን መጀመሪያ ሽሮውን ነው የሚገዛው።

ሁለት ጊዜ ደውላልኝ "አይዞሽ፣ ያልፋል" አልኳት። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀን ተከታትላ ደወለች። ስሟን ስክሪኑ ላይ አየሁት። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ ድረስ ይዤው ተቀመጥኩ። ሦስቱንም ቀን አላነሳሁም።

ዝምታ ወለድ አለው

አቁሞ መመለስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ምናልባት ራሳችሁን ታዩበታላችሁ።

በመጀመሪያው ወር ብመለስ "ይቅርታ፣ ሱቄ ተዘግቶ ነበር" የሚል አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር። በስድስተኛው ወር አንድ መስመር የሚበቃ አልመሰለኝም። ዓመት ሲሞላው "አሁንማ በትልቅ ነገር ካልሆነ አልመለስም" አልኩ። አዲስ ስም አሰብኩ። ሎጎ አሠራሁ፤ አልወደድኩትም፣ ሌላ አሠራሁ። ሰነቴ ላይ ድሮን አስነስቼ ቪዲዮ ልቀርፅ አቀድኩ። ዛሬ ሦስት ሎጎ አለኝ። ጽሑፍ ግን አንድም አልነበረኝም።

እኔ ሎጎ ስመርጥ አገሩ አልጠበቀኝም። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ጎረቤቴ ጉሊት የምትሸጠው እናት ሳይቀሩ በስልክ መቀበል ለመዱ። ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው ነበር፤ በእነሱ ላይ ልብስና ጫማ የሚሸጡ ልጆች ከደንበኞቻቸው ጋር ተጠፋፉ። መስከረም 2016 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ።

እያንዳንዱ ሲሆን "ይሄንማ መጻፍ አለብኝ" ብዬ ስልኬ ላይ ኖት እከፍታለሁ። ሁለት መስመር እጽፋለሁ። "ከአምስት ዓመት በኋላ ድንገት ብቅ ብዬ ስለ ምንዛሪ ላውራ?" እልና እዘጋዋለሁ። የቀረሁት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የመመለሻው ዋጋ ይጨምራል። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እቀራለሁ።

ወለድ ስል ለምሳሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሱቄን ስዘጋ ቁልፉን ለአከራዬ ሰጥቼ ሄድኩ፣ በቃ። የንግድ ፈቃዴን አልመለስኩም፤ መዝጋቴንም ለግብር ሰብሳቢው አላሳወቅኩም። አምና አዲስ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ በመዝገብ ላይ ያልተዘጋሁ ነጋዴ ሆኜ አገኘሁት። ያልታደሰ ፈቃድ፣ ያልቀረበ የግብር ማሳወቂያ፣ የሁሉም ቅጣት። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። በር ተዘጋ ማለት ንግድ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ዝም ብሎ የጠፋ ነጋዴ በወረቀት ላይ እየነገደ ነው።

አጎቴ ምን አለኝ?

ከዚህ ያወጣኝ መጽሐፍ ወይም ስልጠና አይደለም። አጎቴ ነው። ሲናና ወረዳ ስንዴ ያርሳል። ዘንድሮ ማሳው ዳር ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን "ለምን አትጽፍም?" አለኝ። የኢንተርኔቱን ሰበብ ለእሱ መናገር አላስቻለኝም፤ እውነቱን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና የዲገሉን ዓመት አነሳብኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሌና አርሲ የስንዴ አገር ናቸው። በ2002 እና 2003 ዓ.ም. መካከል ቢጫ ዋግ ተነስቶ እንደ ኩብሳና ጋላማ ያሉትን፣ ገበሬው የሚተማመንባቸውን ዝርያዎች መታቸው። ያን ጊዜ ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ ነበር፤ ዲገሉ ይባላል። ገበሬው ወደ ዲገሉ ጎረፈ፤ አጎቴም ጎረፈ፣ ጎረቤቶቹም ጎረፉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ማሳው ሁሉ ዲገሉ ሆነ። ኅዳር 2006 ላይ ደግሞ ሌላ በሽታ መጣ፤ የግንድ ዋግ፣ ያውም ዲገሉ የማይችለው አዲስ የዋግ ዓይነት። ከአንዱ በሽታ የሸሹበት ዝርያ በሌላው በሽታ ተበላ። ክፉኛ በተመታ ማሳ ላይ ምርቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጠፋ። አጎቴ "ኮምባይነር ለመከራየት የሚያበቃ ፍሬ አልነበረም" ይላል።

"ከዚያስ? ማረስ አቆምክ?" አልኩት።

"ምን አቆማለሁ? መጋቢት ላይ ገና ደረሰ።"

እዚህ ላይ ልግለጽላችሁ። ሲናና በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። ከመጋቢት ጀምሮ ያለው የበልጉ ወቅት በኦሮምኛ ገና ይባላል፤ ከነሐሴ ጀምሮ ያለው ደግሞ ቦና። የገና በዓል ጋር አይገናኝም። ግን አንድ ወቅት ለከሸፈበት ሰው የሚቀጥለው ወቅት ስሙ "ገና" መሆኑ ደስ ይላል።

"በመጀመሪያ ግን" አለ አጎቴ "ዘር ያበደሩኝ ሰዎች ጋ ሄድኩ። ማሳዬ ተበልቷል፣ ዘንድሮ አልከፍልም፣ እንዲህ አድርጌ እከፍላለሁ አልኳቸው። ተቆጡ። ግን አወቁ። ዝም ብዬ ብጠፋ ኖሮ መጋቢት ላይ ማን ዘር ይሰጠኛል?"

ቀጥሎ ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። "ወደ ማሳዬ ተመለስኩ እንጂ ወደዚያው ዘር አልተመለስኩም።" ከሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጠይቆ ሌላ ዝርያ ዘራ፤ ከማሳው ከፊሉን ባቄላ አደረገው። ከዚያ ወዲህ አንድ ዝርያ ብቻ ዘርቶ አያውቅም።

ሻዬን ጨርሼ ስነሳ ሁለት ነገር ገብቶኛል። አንደኛ፣ የእኔ ሱቅ ራሱ ዲገሉ ነበር፤ ሁሉ ነገሬን በአንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ ነበር የዘራሁት። ያንኑ ዘር ደግሞ "አተኩሩ" ብዬ ለሰው አከፋፍያለሁ። ሁለተኛ፣ ከመጻፌ በፊት የምሄድበት ቤት አለ።

14 ኪሎ ሜትር

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ጎባ ጉዳይ ሲኖረኝ እንኳ በገበያው በኩል አላልፍም ነበር።

ጎባ የድሮው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ነው። ሹመቱ ወደ ጎረቤት ሲሄድ ጎባ በሯን ዘግታ አልተቀመጠችም፤ ሆስፒታሏ አለ፣ ገበያዋ አለ፣ የሰነቴ መግቢያም እሷው ናት። በመንገዱ ላይ ይሄን እያሰብኩ ራሴን አደፋፈርኩ።

ሱቋን ጠይቄ አገኘሁት። ጠባብ ናት፣ ግን ሙሉ ናት። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሚጥሚጣው በየላስቲኩ ተደርድሯል፤ ማሩ ጥግ ላይ ሁለት መደርደሪያ ይዟል። ግድግዳው ላይ የቴሌብር ቁጥር ተለጥፏል። ከማሩ በላይ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ "ማር በብርድ ይረጋል። ስኳር አይደለም።"

"አካም ጂርታ" አልኳት።

"ፈየ። ምን ልስጥህ?" አለች። መልኬን አታውቀውም፤ የምንተዋወቀው በስልክ ብቻ ነው። ስሜን ነገርኳት። የምትመዝነውን ሽሮ መዝና ለደንበኛዋ ሰጠች፣ መልስ ቆጥራ ሰጠች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"በሕይወት አለህ እንዴ?"

"አለሁ።"

"እኔ እኮ የሞትክ መስሎኝ ነበር። ያን ሰሞን ሰው እንዴት እንደነበር ታውቃለህ። ስልክ አታነሳ፣ ጽሑፍህ ቀረ። ሁለት ወር አዝኜልሃለሁ። ከዛ አንድ ቀን ቴሌግራም ስከፍት 'ኦንላይን' ይላል።"

ምን ልበል? ልለው ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ ጠፋ። ምክሩን ሳላውቅ እንደሰጠኋት፣ ጎባን ሳልጠይቅ እንደጻፍኩ፣ ስልኳን አይቼ እንዳላነሳሁ ነገርኳት።

"ምክሩንስ እኔ ነኝ የተቀበልኩት፣ ልጅ አይደለሁም" አለች። "ሦስት ቀን የደወልኩት ልወቅስህ መስሎህ ነው?"

"አዎ።"

"ማሩ ረግቶብኝ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማር ብርድ ላይ ሲቀመጥ እየረጋ ይነጣል፤ ተፈጥሮው ነው። ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ቶሎ ቶሎ ሲሸጥ ሳይረጋ ያልቅ ስለነበር ስምንት ጄሪካን ተከማችቶ ከመሰንበቱ በፊት ገጥሟት አያውቅም። ሰኔ ላይ አንድ ነጋዴ መጥቶ ጄሪካኑን ከፈተና "ይሄ ስኳር የተቀላቀለበት ነው" አላት። እሷም የሸጡላት ሰዎች ያታለሏት መሰላት። ሦስት ቀን እኔን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ከገዛችበት በግማሽ ዋጋ ሸጠችለት።

"በኋላ አንድ የሪራ ሽማግሌ ነገርኳቸውና ሳቁብኝ። 'ልጄ፣ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጄሪካኑን ብታስቀምጪው እኮ ይመለስልሽ ነበር። ፈልቶ እንዳይሆን እንጂ' አሉኝ።"

"እኔም አላውቅም ነበር" አልኳት፣ ራሴን ለማዳን።

"እንደማታውቅማ አውቃለሁ። ግን ትጠይቅልኝ ነበር። ሥራህ እሱ አይደል?"

ለዚህ መልስ የለኝም፤ እስካሁንም የለኝም። የሲናና ምርምር ማዕከል ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ማር ሻጭ ሮቤ ገበያ ሞልቷል። አንድ ስልክ ብደውል፣ ወይም የእሷን ስልክ ባነሳ፣ የእቁብ ብሯ ግማሹ አይሄድም ነበር። የተሳሳተ ምክር ሰጥቻታለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ያከሰራት ግን ዝምታዬ ነው።

ግማሽ ኪሎ ማር ገዛሁ። ቅናሽ አላደረገችልኝም። በቴሌብር ከፈልኩ። ልወጣ ስል "ክፍል ሁለት ምን ነበር የሚለው?" አለችኝ።

"አልጻፍኩትም።"

"እንግዲያ ጻፈው።"

ክፍል ሁለት

ስለዚህ ይሄው። ንግዳችሁን በክፉ ቀን እንዴት ታቆያላችሁ፣ ክፍል ሁለት። ያኔ ብጽፈው ኖሮ ከሆነ ቪዲዮ የተቀዳ አሥር ነጥብ ይሆን ነበር። አሁን ያለኝ አራት ብቻ ነው፤ አራቱንም ከፍዬባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ከመጥፋታችሁ በፊት ተናገሩ። አከራይ ካለ ለአከራይ፣ እቁብ ካለ ለእቁቡ ዳኛ፣ ዕቃ በዱቤ የሰጣችሁ ካለ ለእሱ። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። ለደንበኛ ደግሞ በሩ ላይ "እስከዚህ ቀን ዝግ ነው" የሚል ወረቀት ለጥፉ። በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ የምትሸጡም እንደዚያው፣ አንድ ፖስት በቂ ነው። ወረቀት የተለጠፈበት ዝግ በር ላይ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ምንም የሌለበት ላይ ግን ወይ ሞቷል ይላል፣ ወይ አጭበርብሮ ጠፍቷል ይላል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱንም ዝጉ። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 ይጀምራል። ካቆማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤትና ግብር የምትከፍሉበት ቦታ ሄዳችሁ "አቁሜያለሁ፣ ምን ላሟላ?" በሉ። አንድ ቀን መንከራተት ነው። እኔ ያንን አንድ ቀን ሸሽቼ ምን እንደከፈልኩ አንብባችኋል።

ሦስተኛ፣ ስትመለሱ በትንሹ ተመለሱ። ሎጎ አያስፈልግም። መጀመሪያ ያላነሳችሁትን የመጨረሻ ስልክ መልሱ፣ ያላደረሳችሁትን የመጨረሻ ዕቃ አድርሱ። የመመለሻው በር እዚያ ነው፤ ያንን ዘላችሁ ሌላ በር ብትከፍቱ ደንበኛ ያልፋችኋል።

አራተኛ፣ ወደ ማሳው ተመለሱ እንጂ ወደዚያው ዘር አትመለሱ። እኔ አሁን አንድ ያገለገለ የኮፒ ማሽን ገዝቼ ሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ጥግ ይዣለሁ። ቦታው ከተማሪ መንደር ወጣ ብሎ ባለጉዳይ የሚመላለስበት ነው። የማመልከቻ ጽሑፍ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የሠርግ ካርድ፣ ከሰሞኑ ደግሞ ለማርና ለባልትና ዕቃ የሚለጠፍ ወረቀት አትማለሁ። ተማሪም ይመጣል። ተማሪው ለእረፍት ሲሄድ ግን ሱቁ ባዶ አይሆንም።

ጥር 2012 የጻፍኩትንም ላስተካክል። "አንድ ነገር ላይ አተኩሩ" ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ገዢው ብዙ በሆነበት ከተማ ሊሠራ ይችላል። ገዢው ጥቂት በሆነበት፣ መንገዱም ገበያውም በአንድ ሳምንት ሊለወጥ በሚችልበት ቦታ ግን ማሩን ከሽሮው ጋር ያስቀመጠ ነው የሚያድረው። ይሄን ያስተማረችኝ ከጎባ ገበያ ሳትወጣ ነው።

"ሳምንት እንገናኝ" አልልም። የሚቀጥለው ጽሑፌ ሮቤ ገበያ ውዬ፣ ስንዴ ሻጩንም ገዢውንም ጠይቄ የማመጣው ነው። ከደረሰልኝ እዚሁ ታዩታላችሁ። ካልደረሰልኝም ለምን እንዳልደረሰ እዚሁ እጽፋለሁ።

ስልክም አነሳለሁ።